ጾመኛ የማይቀምሰው ቅቤ

ጎተራ የአንድ ቤት ነው። ገበሬው ያመረተውን ያስገባበታል፣ ልጆቹ ይበሉታል፣ ባዶ ሲሆን ድመት ትወልድበታል። መጋዘን ግን ሌላ ነገር ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ዕቃ ጎን ለጎን ሆኖ ባለቤቱን የሚጠብቅበት ቤት ነው። ይህን ልዩነት የተረዳሁት በልጅነቴ፣ አዳማ ላይ፣ ጣሊያን ከመግባቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሁዳዴና ረመዳን በተገጣጠሙበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በኖርኩበት ከተማ ሁሉ የመጋዘን በር ተከፍቶ ካገኘሁ ቆም ብዬ ምን ከምን ጋር እንደተቀመጠ ሳላይ አላልፍም።

እናቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። የተወለደችው ምንጃር ነው። አባቴ በሐዲድ ሥራ ተቀጥሮ ወደ አዳማ ሲወርድ ተከትላው መጣች። እሱ በወባ ሲሞት ታላቅ ወንድሟ፣ በባቡር ጣቢያው ዘበኛ የነበረው አጎቴ፣ ወደ አባታቸው ቤት እንድትመለስ ነገራት። ባል የሌላት ሴት በሐዲድ ዳር፣ ስንቱ መንገደኛ በሚያልፍበት፣ ምን ትሠራለች ይል ነበር። እናቴ አንድ ፋሲካ ልይና አለችው። ያ ፋሲካ ደህና አለፈ። ቀጥላ ሌላ ፋሲካ ጠየቀችው። እንዲህ እያልን ቆየን። ሆኖም አንድ ሁዳዴ ቢበላሽ ጓዛችን ወደ ምንጃር እንደሚጫን፣ እኔም እዚያ እንደምዳር ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ያኔ ለመዳር የደረስኩ ልጅ ነበርኩ።

ንግዷ ከጾሙ ጋር የተሳሰረ ነው። በሁዳዴ ክርስቲያን ቅቤ አይበላምና ቅቤ ይረክሳል። ላም ግን አትጾምም። ከሐይቆቹ ዳር ያሉ አርሲዎች ማለባቸውንም መናጣቸውንም አይተዉም። እናቴ በሁዳዴ የተናጠውን ቅቤ ተቀብላ እስከ ሕማማት ታስቀምጣለች። ቅቤው ሲቀመጥ ይበስላል፤ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚፈለገውም በሳል ቅቤ ነው። በሕማማት ከአዲስ አበባ የሚመጡ ገዢዎች ጣቢያው ላይ ተረክበው በባቡር ይጭኑታል። የእናቴ ሥራ እንግዲህ አብዛኛው መጠበቅ ነበር። የምትሸጠው ቅቤውን ይሁን የጠበቀችውን ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ያስገርመኝ ነበር።

የምታስቀምጥበት ቤት በጓሯችን ነበር። ግማሹ መሬት ውስጥ የተቆፈረ፣ ግድግዳው በወፍራም ጭቃ የተመረገ፣ የሣር ክዳኑ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ጎጆ ነው። ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። ሰፈሩ ጉድጓዱ ይለው ነበር፤ ቀልደኞች ደግሞ የጅብ ቤት።

ቅቤውን የሚያመጡልን ከቡልቡላ ወዲያ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት አርሲ ነበሩ። እስላም ናቸው። ሁላችንም አዮ እንላቸው ነበር፤ በእነሱ አገር እናትን እንዲህ ይጠራሉ። በአህያ የሚያመጡት የራሳቸውን ብቻ አልነበረም። በእነሱ ዘንድ ላሙ የባል፣ ቅቤው የሚስት ነው፤ ባል ስለ ቅቤው አይጠይቅም። የአገሩ ሴቶች ሁሉ ቅላቸውን፣ ብዙ ያላቸውም ጋናቸውን፣ ለአዮ ይሰጣሉ፣ አዮ ለእናቴ ይሰጣሉ። ቅቤው ሲሸጥ ገንዘቡ ለሴቶቹ ይሄዳል፣ ለእናቴም የጥበቃዋ ድርሻ ይቀራል። እያንዳንዱ ቅል የባለቤቱ ምልክት አለው፤ አንዱ ላይ በጋለ ብረት የተጫረ መስመር፣ ሌላው ላይ የዛጎል ሰንሰለት፣ አንዱ ላይ ደግሞ ቀይ ክር። እናቴ ያላየቻቸውን ሴቶች በቅላቸው ታውቃቸው ነበር። ባለ ቀይ ክሯ ዘንድሮ ምነው አነሰባት ትላለች፤ አዮም አንዷ ላሟ እንደሞተች ይነግሯታል።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። ይህ ሳይቀመስ የሚካሄድ ንግድ ነው። እናቴ ጾመኛ፣ እኔ ጾመኛ፣ ገዢዎቹ ጾመኞች። ገዢው ስቅለት ሳይደርስ ገዝቶ የሚቀምሰው በፋሲካ ነው፤ መጥፎ ሆኖ ካገኘው በዓመቱ ወደ ሌላ ይሄዳል። አፍንጫም ብዙ አይረዳም፤ በሳል ቅቤ ድሮም ይሸታል፣ ደህናውን ከተበላሸው የሚለየው ምላስ ብቻ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሁለተኛውን ጭነት ይዘው ሲመጡ የተቀመጠውን እየዞሩ የሚቀምሱልን አዮ ነበሩ።

ከዚያ ዓመት በፊት በነበረው ክረምት አንድ ዐረብ ነጋዴ በሐዲዱ ዳር መጋዘን ሠራ። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ፣ ጣራው ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። ከተማው ወደደው። ሰው ቤቱን ሲያመለክት ከመጋዘኑ በላይ፣ ከመጋዘኑ በታች ማለት ጀመረ። ሙሽራ የያዙ ሰርገኞች ሳይቀሩ ዞረው በዚያ ያልፉ ነበር። ሽማግሌዎች ለእርቅ የሚቀመጡት ከጥንቱ ዋርካ ሥር ነበር፤ እነሱም ወደ መጋዘኑ ጥላ ተዛወሩ።

እኔ ደግሞ ውስጡን ማየት ነበር የምፈልገው። ከደቡብ ቡና፣ ሰምና የደረቀ ቆዳ ወደ ባቡሩ ይመጣል፤ ከባቡሩ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ ይወርዳል። የሚሄደውና የመጣው ለጥቂት ቀን በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ጨው የሻሸመኔን ሰው ሊገናኝ፣ ቡናው ባሕር ሊሻገር። በሩ ሲከፈት ከፊት ቆሜ አሸት ነበር። መጀመሪያ የቡና ጆንያው፣ ቀጥሎ ላምባው፣ መጨረሻ ላይ ቆዳው ይመጣል፤ ቆዳው ከመጣ በኋላ ሌላ ሽታ የለም።

ቅቤው ወደዚያ ይግባ ያለው አጎቴ ነው። በጉድጓድ የተቀመጠ ዕቃ የነጋዴ ዕቃ አይመስልም፣ ሌባም ሣር ክዳን ገልጦ ይገባል አለ። እውነቱን ለመናገር የእህቱ ዕቃ በብረት በር መቆለፉን ሰው እንዲያይለት ፈልጎም ነበር። እናቴ ቀዝቃዛ ቦታ እንደሆነ ሳላይ አላደርገውም አለችና አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ገና በማለዳ፣ ገባን። መዳፏን በድንጋዩ ላይ ዘርግታ ብዙ ቆየች። ድንጋዩ ሌሊቱን ሙሉ የጠጣው ብርድ አልወጣለትም ነበር፤ እኔም ነክቼዋለሁ፣ እንደ ምንጭ ውኃ ነው። ከጉድጓዱ ይሻላል አለች። በቀትር ተመልሶ ማየትን ማንም አላሰበም። በቀትር መጋዘኑ ይዘጋል፣ ሰውም በየጥላው ይተኛል።

የመጀመሪያው ጭነት በሁዳዴ መግቢያ ገባ። ቅሎቹና ጋኖቹ በጀርባው ግድግዳ በኩል ተደረደሩ፤ በአንድ ወገን የቡና ጆንያ፣ በሌላው ወገን ጣራ ሊነካ የተከመረ ቆዳ።

ጾሙ ሲጋመስ አዮ ሁለተኛውን ጭነት ይዘው መጡ። እኛ ዘንድ አደሩና በማግስቱ ረፋድ ላይ አህዮቹን እየነዳን ወደ መጋዘኑ ሄድን። ከሩቅ ያየነው ውሾች ነው። የከተማው ውሻ ሁሉ በብረቱ በር ሥር ተሰብስቦ ደፉን ይልሳል። ኩሊዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ይስቃሉ። አንዱ እናቴን ሲያይ፦

«እሜቴ፣ የአዳማ ውሻ ከእናንተ ቀድሞ ፈሰከ» አላት።

 አዮ በያዙት ዱላ ውሾቹን አባረሩና ደፉን በጣታቸው ነክተው አዩት። ጣታቸው አበራ።

ባለ መጋዘኑ ተጠርቶ ሲከፍት የወጣው አየር ፊት ይገርፍ ነበር። ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ቆርቆሮውን ያየሁት። ሲስፋፋ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ልክ ምጣድ ላይ እንደተጣደ ነገር። ወለሉ እስከ በሩ ድረስ ያንጸባርቃል። ቅቤው ቀልጦ በቅሎቹ አፍ፣ በተወተፈው ቅጠል በኩል ወጥቷል፤ ጋኖቹም አልበዋል። ቆዳው ደግሞ በሙቀቱ ሽታውን ለቆታል።

ወሬውን ሰምቶ ከጣቢያው የመጣው አጎቴና ባለ መጋዘኑ ተያያዙ። አንዱ ቀዝቃዛ ነው ብለኸኝ ነበር ይላል፣ ሌላው ስለ ቅቤ አልጠየቅከኝም ይላል። ባለ መጋዘኑ ጾመኛ ነበር፤ ከንፈሩ ደርቆ እየተናገረ አሳዘነኝ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና አንድ ጋን አቅፋ ወጣች። እኔም ተከተልኳት። ቆይተው ኩሊዎቹም ቀልዳቸውን ትተው ረዱን። ሁሉንም አውጥተን በመጋዘኑ ጥላ ደረደርነው።

አሁን የቀረው የተበላሸውን ከደህናው መለየት ነው። በሌላ ዓመት አዮ ጣታቸውን ነከር አድርገው ይነግሩን ነበር። በዚያ ቀን ግን በዚያ ጥላ ሥር የተሰበሰበ ሰው ሁሉ፣ እስላሙም በረመዳን፣ ክርስቲያኑም በሁዳዴ፣ አፉ የታሰረ ነበር። ግሪኩን ባለ ሱቅ እንጥራው ያለ ነበር፤ እሱም እንደኛ ጾመኛ መሆኑን ሲያስታውሱት ተወው።

ከኩሊዎቹ አንዱ፣ እሱም እስላም ነው፣ አዮን በአክብሮት «መንገደኛ ነዎት እኮ፤ ለመንገደኛ ይፈቀዳል» አላቸው።

«ከቡልቡላ እስከዚህ መንገደኛ ነበርኩ» አሉት። «አሁን ደርሻለሁ።»

ሰው ሳቀ። ያ የቀደመው ቀልደኛ፣ ሃይማኖት የሌለው ውሻው ብቻ ስለሆነ እሱን ጠይቁት አለ። አንዲት ጎረቤታችን ግን የተሻለ ነገር አሰበች፤ ገና ጾም ያልጀመረች ትንሽ ልጇን አምጥታ በእናቴ ፊት አቆመቻት። ልጅቱ ከመጀመሪያው ቅል በጣቷ ላሰችና ጥሩ ነው አለች። ከሁለተኛው ላሰችና ጥሩ ነው አለች። ከቆዳው ሥር የወጣውን፣ እኔ አጠገቡ መቆም ያቃተኝን፣ ሲሰጧት ከሁሉም ይበልጣል ብላ ጨምሩልኝ አለች። እናቷ አቅፋ ወሰደቻት።

ስለዚህ ፀሐይ እስክትጠልቅ መጠበቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቀን አላየሁም። ጥላው ሲዞር ቅሎቹንና ጋኖቹን ይዘን አብረን እንዞራለን። የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ይጠይቃል፤ ሲነግሩት ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ የጀመሩትን እርቅ አቋርጠው መጡ። ሁለት ወገን ጾመኛ፣ አንዱ ውኃ እንኳ ያልቀመሰ፣ ቅቤ ከቦ ምሽትን ይጠብቃል።

ከቀትር በኋላ አጎቴ ከእናቴ ጎን ተቀመጠ። እኔ በመካከላቸው ነበርኩ ማለት ይቻላል። አዮ ጥቂት ራቅ ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጀምር ደግ ነበር። የተበላሸውንም ቢሆን መጣል የለብሽም አላት። አንጥሪው፣ ኮረሪማና ኮሰረት አብዢበት፣ ከደህናው ጋር ቀላቅይው አላት።

«ገዢው ጾመኛ ነው፤ አይቀምስም» አለ። «ፋሲካ ሲደርስ እሱ አዲስ አበባ፣ አንቺ እዚህ።»

እናቴ መሬቱን በእንጨት ትጭር ነበር።

«ጋሼ፣ አይቀምስማ» አለችው። «የሚገዛኝ ስለማይቀምስ ነው።»

«ምንድነው የምትይው?»

«ቢቀምስ ኖሮ ከማንም ይገዛ ነበር። ሳይቀምስ የሚገዛው ከኔ ነው።»

አጎቴ ተቆጣ። እንግዲያው ጓዝሽን ከአሁኑ አሰናጂ፣ ፋሲካ እንዳለፈ ምንጃር ነን አላት።  ጥላው ዞሮ ነበርና እናቴ ተነሥታ ጋን ማዞር ጀመረች። እኔ አዮን አየሁ። ዓይናቸው አሁንም ተጨፍኗል፤ ነገር ግን አማርኛ ከማንም ይልቅ የገበያ ሰው ያውቀዋል።

ፀሐይ ስትገባ ባለ መጋዘኑ ለእስላሞቹ ሁሉ ቴምርና ውኃ አቀረበ። አዮ ጠጡ፣ ሰገዱ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡና ከረድፉ ጫፍ ተቀመጡ። አንዱ ፋኖስ ይዞላቸዋል። ከእያንዳንዱ ቅልና ጋን ጥቂት ወስደው ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ይተፋሉ፣ ይጉመጠመጣሉ። ጋሪዳ ሲሉ፣ ጥሩ ነው ማለት ነውና፣ እኔ አንሥቼ ወደ ቀኝ አስቀምጣለሁ። ሂንተኡ ሲሉ፣ አይሆንም ሲሉ፣ ወደ ግራ። አይቸኩሉም።  ከቡናው ወገን የነበረው ቀልጦ ጥቂት ጎደለ እንጂ ደህና ነበር። ከቆዳው ወገን የነበረው አንድ በአንድ ወደ ግራ ሄደ። ባለ ቀይ ክሩ ቅል ወደ ግራ ሄደ። የአዮ የራሳቸው፣ ባለ ሁለት መስመሩ፣ ተራው ሲደርስ ቀመሱት፣ ደግመው ቀመሱት። ከዚያ በራሳቸው እጅ ወደ ግራ አስቀመጡት።

ሲያበቃ እናቴ ከፊታቸው ቆመች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አዮ። ቦታውን በማለዳ አይቼ አመንኩት። የኔን ድርሻ ለሴቶቹ ይውሰዱላቸው።»

አዮ ጣታቸውን በሣር እየጠረጉ ነበር።

«እኔም በሩን ወድጄው ነበር፣ ኢንታላ ኮ» አሏት፤ ልጄ እንደ ማለት ነው። «ባለፈው ስመለስ ለሴቶቹ ሁሉ ያወራሁት ስለ በሩ ነው። ብረት ነው አልኳቸው። ጅብ አይገባም፣ ሌባ አይገባም አልኳቸው። ፀሐይ ምን በር ትፈልጋለች።»

ከዚያ አጎቴን አየት አድርገው ወደ እናቴ ተመለሱ። ወንድምሽ ያለውን ሰምቻለሁ አሏት፤ አንቺ ያልሽውንም ሰምቻለሁ። አጎቴ ወደ ሐዲዱ አየ። አዮ በዱላቸው ገና ደጅ ያለውን አዲሱን ጭነት አመለከቱ።

«ይህንን የት ላስገባው?»

«ከጓሮ፣ ከጉድጓዱ» አለች እናቴ። ትተውኝ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር ስትል በኋላ ነግራኛለች።  አጎቴ ቀድሞ ተነሥቶ ከጋኖቹ ትልቁን ተሸከመ። 

በግራ የቀረውን ቅቤ እናቴ በገበያ ቀን አወጣችው። ቆዳ ለሚያለሰልሱና ኮርቻ ለሚሠሩ ነው፣ ለሆድ አይሆንም እያለች ለሚመጣው ሁሉ ተናገረች። ሰው ብዙ ቀለደባት። ቅቤዋን ቆዳ ያበላች ተባለች፤ አንዳንዱም አፍንጫውን በጋቢው ይዞ ያልፍ ነበር። ፋቂዎቹ ግን ገዙላት። ወሬው ባቡር ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሳይደርስ አልቀረም፤ በሕማማት የመጡት ገዢዎች ጣቢያው ላይ ሲወርዱ ቆዳ ያበላችው ሴት የትኛዋ ናት ብለው ነው የጠየቁት። የቅሎቹን ቅጠል እንኳ ሳይፈቱ ጫኑ። ጭነቱ ከሌላው ዓመት ያነሰ ነበር። የእናቴ ድርሻ እንዳለችው ወደ ቡልቡላ ሄደ፤ አዮ ግን ሁሉንም አልወሰዱም፤ ዶሮ እንኳ የማይታረድበት ፋሲካ አይሁንብሽ ብለው አንድ ቅል ትተውላት ሄዱ።

በፋሲካ አጎቴ እኛ ዘንድ በላ። ዶሮውን ሲቀምስ እናቴ ፊቱን ታየው ነበር። እሱም ጨምሮ በላ። እጁን ሲታጠብ እናቴ አዮ ያሏትን ነገረችው። በሚመጣው ሁዳዴ ከመቂ በኩል ያሉ ሴቶችም ቅላቸውን ሊሰጡ ፈልገዋል፤ ጉድጓዱ ግን ለሁሉም አይበቃም።

አጎቴ እጁን አደራርቆ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከትለነው ወጣን። በጎጆው ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ፣ በእግሩ መሬቱን መታ መታ አደረገ።

«በየት በኩል ይስፋ?» አላት።